ከልጆች ጋር የዘር ሐረግ ሰሌዳ አሠራር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

አማርኛ የትውልድን ትስስር «የዘር ሐረግ» ሲለው የመረጠው ተክል ለወሎ ቤተሰብ እጅግ የሚስማማ ነው። ሐረግ በአንድ ግንድ ብቻ ሽቅብ አይወጣም፤ በመንገዱ ካገኘው ሁሉ ጋር እየተጠማዘዘና እየተቆላለፈ ይሄዳል። የእኛም ቤቶች እንዲሁ ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን፣ ከአምባሰል የወረደና ከቃሉ የመጣ፣ ጂዳ የምትሠራ አክስትና በ1977 ዓ.ም. ለሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሄዶ በዚያው የቀረ አጎት ይገኛሉ። ይህ መመሪያ ይህን ትስስር ከልጆች ጋር ሆኖ በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዴት መሥራትና በሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀል እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሥራው ቅዳሜና እሑድን ብቻ ለሚጠቀም ቤተሰብ አንድ ወር ያህል ይወስዳል፤ ቶሎ ለመጨረስ ባይቸኩሉ ይሻላል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ። በእኛ አሰያየም የሰው ስም የራሱን፣ የአባቱንና የወንድ አያቱን ስም ይዞ ይሄዳል፤ የእናት ስም ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቦታ የለውም። ስለዚህ የወንዶቹ ስም ማንም ሳይደክም ሲጠበቅ፣ የሴት አያቶችና ቅድመ አያቶች ስም በሁለት ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። ይህን ሰሌዳ የምንሠራበት ዋናው ምክንያት ይህ ሊሆን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራርም የእናትን ወገን ከአባት ወገን ጋር እኩል ቦታ እንዲሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

አንደኛ፦ ስንት ትውልድ እንደሚሠራ ይወስኑ

ቆጠራው ከልጁ ተነሥቶ ወደ ላይ ይውጣ። ልጁ አንድ፣ ወላጆቹ ሁለት፣ አያቶቹ አራት፣ ቅድመ አያቶቹ ስምንት ናቸው፤ ድምሩ 15 ሰው ይሆናል። አንድ ትውልድ ቢጨመር ሌላ 16 ሰው ይመጣል፤ ሰሌዳውም ከግድግዳው ይሰፋል። ለጋብቻ ዝምድና ሲጣራ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ መሆኑ ይታወቃል፤ ነገር ግን በሁሉም ወገን ከወላጆች ጀምሮ ሰባት ቤት ቢቆጠር በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ሰው ስለሚኖር፣ ለሰሌዳ አራት ትውልድ በቂ ነው። ሽማግሌዎች ምንዥላትና እንጅላት እያሉ ከቅድመ አያት በላይ መቁጠር የሚችሉ ከሆነ፣ ያንን ቆጠራ በሰሌዳው ዳር በአንድ ቀጭን ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ጽፈው ይለጥፉ።

ከልጁ ይጀመር የምለው በራሴ ላይ ከደረሰው ነው። በመጀመሪያው ሙከራችን አራት ትልልቅ ወረቀቶችን አጣብቀን፣ በአባቴ ወገን ስመ ጥር የነበሩትን ቅድመ አያት ከላይ አስቀምጠን ወደ ታች መውረድ ጀመርን። የእርሳቸው ልጆች፣ የልጅ ልጆችና የልጅ ልጅ ልጆች ወረቀቱን ሞልተው ሲጨርሱት ለእናቴ ወገን የተረፈው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ብቻ ነበር። ልጆቼም የራሳቸውን ስም ከጥግ ላይ ፈልገው ለማግኘት ተቸገሩ። ከልጁ ሲጀመር ግን ልጁ ምንጊዜም በመካከል ይሆናል፤ ግራና ቀኙም እኩል ያድጋል።

ሁለተኛ፦ በሚታወቅ ቤተሰብ ላይ ይለማመዱ

የራስን ቤተሰብ ከመንካት በፊት ልጆቹ አሣሣሉን በአንድ የታወቀ ቤተሰብ ላይ በእርሳስ ቢለማመዱት ይጠቅማል፤ ለደሴ ልጅ ደግሞ ከንጉሥ ሚካኤል ቤተሰብ የተሻለ መለማመጃ የለም። በአይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ያላለፈ፣ በወይዘሮ ስኂን ስም የተሰየመውን ትምህርት ቤት የማያውቅ ልጅ በከተማችን አይገኝም።

በቁራጭ ወረቀት ግርጌ «መነን አስፋው» ብለው ያስጽፉ፤ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት የነበሩት እቴጌ መነን ናቸው። ከእርሳቸው በላይ በአንድ በኩል አባታቸውን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን፣ በሌላ በኩል እናታቸውን ወይዘሮ ስኂን ሚካኤልን ያስቀምጡ። ከወይዘሮ ስኂን በላይ ንጉሥ ሚካኤል ይመጣሉ። ከዚያ ከወይዘሮ ስኂን ጎን ወንድማቸውን ልጅ ኢያሱን ይጨምሩ፤ ነገር ግን የልጅ ኢያሱ እናት የዐፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ ስለሆኑና የወይዘሮ ስኂን እናት ሌላ ስለሆኑ፣ ከንጉሥ ሚካኤል ሁለት መስመሮች ወደ ሁለት እናቶች ይወጣሉ። በአባት አንድ፣ በእናት ግን የተለያዩ ልጆች እንዴት እንደሚሣሉ ልጆቹ የሚማሩት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሦስት ጥያቄዎችን ይጠይቋቸው። ልጅ ኢያሱ ለእቴጌ መነን ምናቸው ናቸው? መልሱ አጎት ነው፤ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ያግኙት። ልጅ ኢያሱ የዐፄ ምኒልክን አልጋ ለመውረስ የታጩት በማን በኩል ነው? በእናታቸው በኩል ነው። «መነን አስፋው» ከሚለው ስም ብቻ ተነሥቶ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ መሆናቸውን ማወቅ ይቻላል? አይቻልም። ትልቋ ልጄ ይህን ጥያቄ ስጠይቃት ወረቀቱን ትኩር ብላ አይታ፣ «ታዲያ የእኔ ስም ውስጥስ ማን የለም?» አለችኝ። የምንፈልገው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። ንጉሥ ሚካኤል ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ስማቸው ኢማም መሐመድ አሊ ነበር። በብዙ የወሎ ቤቶች ተመሳሳይ ታሪክ ስላለ፣ አንድ ሰው ሁለት ስም ከነበረው ሁለቱም ይጻፋሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ሦስተኛ፦ በቤት ያሉትን ወረቀቶች ይሰብስቡ

ሰው ከመጠየቅ በፊት ወረቀት ማየት ጊዜ ይቆጥባል። የሁለቱ ወላጆች ሙሉ ስም ብቻውን አራት ወንዶችን ይሰጣል፦ የአባትን አባትና አያት፣ የእናትን አባትና አያት። እነዚህን በየካርዳቸው ላይ ቀድመው ይመዝግቡ። የሴቶቹን ለማግኘት ግን መፈለግ ያስፈልጋል።

የልደት የምስክር ወረቀት የእናትን ሙሉ ስም ይይዛል። የክርስትና የምስክር ወረቀትና የኒካህ ወረቀት በአሮጌ ሻንጣ ወይም በቁርኣንና በመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል ተቀምጠው ይገኛሉ። አያቶች ገጠር ከሆኑ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸውን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ በክልላችን ይህ ደብተር በባልና በሚስት ስም ሲወጣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፍበታልና፣ ሌላ ፎቶ ኖሯት የማያውቅ አያት ምስል በዚያ ሊገኝ ይችላል። የሰፈሩን ቅሬ (ዕድር) መዝገብ የሚይዙት ሰውም ብዙ ያውቃሉ። የአሮጌ ፎቶዎችን ጀርባ መገልበጥ አይርሱ፤ «ለማስታወሻ ይሁን» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ከተማ ተጽፎ ይገኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከቤታቸው ወጥተው ከተመለሱት መካከል አልበማቸውንና ሰነዳቸውን ያላገኙ አሉ። እንዲህ ከሆነ ፎቶው በዘመድ እጅ ሊኖር ስለሚችል ተስፋ አይቁረጡ፤ የሠርግ ፎቶ ለሚዜዎችም ለወንድም ለእህትም ይታደል ነበርና።

አራተኛ፦ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ

ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ጊዜዎን አይቆጥቡ። ወላጅ ጠይቆ ልጅ ቢጽፍ አያቶች ለወላጅ የሚመልሱትን አጭር መልስ ይመልሳሉ፤ «ይህን እኮ ታውቀዋለህ» ይላሉ። የልጅ ልጅ ሲጠይቃቸው ግን ከሥሩ ጀምረው ያስረዳሉ።

የቡና ሰዓት ይምረጡ። በአቦል ላይ ሰላምታና የሰፈር ወሬ ስለሚበዛ ጥያቄውን በቶና ይጀምሩት፤ በረካ ሲደርስ ጨዋታው ደርቷል። ስልክ ለመቅዳት ከተጠቀሙ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግዴታ ነው፤ ከዚያም ስልኩን ከሲኒው መንኳኳት ራቅ አድርገው ከተራኪው አጠገብ ያስቀምጡት። ልጁ ከአምስት ጥያቄ በላይ ይዞ አይቅረብ። ለእኛ የሠሩልን ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ የእናትዎ ስም ማን ነበር? የእናትዎ እናትስ? የተወለዱበት ቦታ የቱ ነው? እንዴት ወደዚህ ከተማ መጡ? ስምዎን ማን አወጣልዎት? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳይተዉ፤ ከስም አወጣጥ ጀርባ ሁልጊዜ አንድ ታሪክ አለ፤ የቤት ስምና የክርስትና ስምም የሚወጣው በዚህ ጥያቄ ነው።

የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አማቴን «የእናትዎ እናት ስም ማን ነበር?» ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ትንሽ ዝም አሉ። ከንፈራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ስሙን ተናገሩና፣ «ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም» አሉ። ልጁ «እንዴት ይጻፋል?» ሲላቸው እርሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ «እንደ ሰማኸው ጻፈው» አሉት፤ እርሱም ሁለተኛውን ፊደል ጽፎ፣ ሰርዞ፣ እንደገና ጻፈው። ያ ስረዛ በካርዱ ላይ እንዳለ ነው፤ በንጹሕ እንዲገለብጠው አላደረግሁም፤ እርስዎም የልጆችዎን የእጅ ጽሑፍ አይለውጡ።

ሩቅ ያሉ ዘመዶችን በተመለከተ፣ ዐረብ አገር ላሉ አክስቶች ልጁ በኢሞ ወይም በቴሌግራም ጥያቄውን በድምፅ ይላክላቸው፤ በሥራ ላይ ስለሚውሉ በተመቻቸው ሰዓት መልሰው በድምፅ ይልካሉ፤ ድምፁም ተቀምጦ ይቆያል። በሰፈራ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር የሄዱ ዘመዶችን ለማግኘት ግን ስልክ ቁጥራቸውን የያዘ አንድ ሰው በቤተሰብ ውስጥ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ለቅሶ የሚነግረው ሰው ነው። እርሱን ይጠይቁ።

ሁለት ሰዎች ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሲሰጡ አይከራከሩ፤ ሁለቱንም በካርዱ ጀርባ ከተናጋሪው ስም ጋር ይመዝግቡ። መልስ ያልተገኘለትን ካርድ ደግሞ በግምት ከመሙላት ባዶ መተው ይሻላል። በእኛ ሰሌዳ ላይ ሁለት ባዶ ካርዶች ነበሩ፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እነርሱ ነበር፤ አንደኛው የተሞላውም እንዲህ ባለ ጥያቄ ምክንያት ነበር።

አምስተኛ፦ ዓመቱን ያጣሩ

አረጋውያን ዕድሜያቸውን የሚናገሩት በዘመን ምልክት ነው። «በጣሊያን ጊዜ የተወለድሁ» ያሉት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ «ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበች ጊዜ ለመላላክ የደረስሁ ልጅ ነበርሁ» ሊል ይችላል፤ ያ ቀን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። «የስልሳ ስድስቱ ችጋር»፣ «ንጉሡ የወረዱ ጊዜ» የሚባለው 1967 ዓ.ም. መስከረም፣ «ሰባ ሰባት»፣ «ደርግ የወደቀ ጊዜ» የሚባለው 1983 ዓ.ም. በወሎ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው። ታላቅ ልጅ ካለዎት እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ በተራ አስጽፈው፣ የሰው ዕድሜ ከየትኛው ቀጥሎ ወይም ቀድሞ እንደሚገባ እርሱ እንዲያጣራ ያድርጉ። የሚገኘው ዓመት ግምት ስለሆነ «ገደማ» የሚል ቃል ይከተለው፤ 1928 ዓ.ም. ገደማ ተብሎ ይጻፍ።

ከውጭ አገር ሰነድ የተገኘ ቀን የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ ላለ ቀን 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ዓመት ይቀነሳል። በሰሌዳው ላይ ሁሉም ዓመት በእኛው አቆጣጠር ይጻፍ፤ ተደባልቆ ከተጻፈ እናት ከልጇ የምታንስበት ሰሌዳ ይወጣል።

ስድስተኛ፦ ፎቶዎቹን ያዘጋጁ

ዋናው ፎቶ ከቤት አይውጣ፤ ሰሌዳ ላይም አይለጠፍ። አንድ ፎቶ ቤት የአማቴን አንድ ለእናቱ የሆነ የሠርግ ፎቶ ለማባዛት ተቀብሎን ሳይመልስልን ስለ ቀረ፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ፎቶውን በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግተው፣ ጠዋት በመስኮት አጠገብ፣ የስልኩን ፍላሽ አጥፍተው፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትክክል ይዘው ያንሡት። ከመስተዋት ፍሬም ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ በኃይል አያላቅቁት፤ ቀለሙ ከመስተዋቱ ጋር ይቀራል። ከነመስተዋቱ ያንሡት፤ የመስኮቱ ነጸብራቅ ካስቸገረዎት ትልልቆቹ ልጆች ከጀርባዎ ጥቁር ጨርቅ ዘርግተው ይያዙልዎት።

ለማሳተም የሚልኩት የስልኩን ምስል ብቻ ይሆናል። 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ በቂ ነው፤ በአንድ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ዘጠኝ ጉርድ ስለሚገባ ተደርድሮ እንዲታተም ቢያዝዙ ወጪው በእጅጉ ይቀንሳል። የዋናውን ፎቶ ባለቤት ስም በጀርባው ላይ ሲጽፉ በለስላሳ እርሳስና ሳይጫኑ ይጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።

ፎቶ የሌለው ሰው ይኖራል፤ በእምነቱ ምክንያት ፎቶው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የማይፈልግም ይኖራል። ለእነዚህ ልጆቹ ከደጅ ያመጡትን ቅጠል ከወረቀት ሥር አድርገው በከለር እርሳስ እየፈተጉ ቅርጹን ያውጡ። በደሴ የወይራ፣ በኮምቦልቻ የዋርካ ቅጠል በቀላሉ ይገኛል። ለትንንሾቹ ልጆች ከሁሉ የሚስማማው ሥራ ይህ ነው፤ የእኛ የአምስት ዓመቷ ልጅ ከሚያስፈልገን ሦስት እጥፍ ቅጠል ሠርታ ነበር።

ሰባተኛ፦ ሰሌዳውን ይሥሩ

ከእንጨት ቤት አንድ ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይሸጣል፤ በግማሽ ሲቆረጥ 122 በ122 የሆነ ሰሌዳ ይወጣል። ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛት ይቻላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ይቀቡትና ሁለት ቀን ያድርቁት። ኮምፔንሳቶ ካልተገኘ የቴሌቪዥን ወይም የፍሪጅ ካርቶን ተዘርግቶ ሊያገለግል ይችላል፤ ከአንድ ክረምት በላይ ግን አይቆይም።

ከጠንካራ ወረቀት 9 ሳንቲ ሜትር ወርድና 12 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸውን 15 ካርዶች ይቁረጡ። ስምንቱ ቅድመ አያቶች በላይኛው ረድፍ በመካከላቸው የ2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲኖር 86 ሳንቲ ሜትር ይይዛሉ፤ በግራና በቀኝ 18 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። በረድፍና በረድፍ መካከል 12 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። የእናት ወገን በአንድ ጎን፣ የአባት ወገን በሌላው ጎን ይሁን፤ የትኛው በቀኝ ይሁን የሚለውን ልጆቹ ዕጣ ይጣሉበት። ከአንድ በላይ ልጅ ካለ በግርጌው ረድፍ ጎን ለጎን ይደረደራሉ።

ወደ ታች ሲወረድ ካርድ እያነሰ ባዶ ቦታ እየሰፋ እንደሚሄድ ያስተውላሉ። ይህ ባዶ ቦታ የአጎቶችና የአክስቶች ነው፤ በወላጆች ረድፍ ግራና ቀኝ አነስ ባሉ የቅጠል ቅርጽ ወረቀቶች ይለጠፋሉ፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ደግሞ ከልጁ ጎን በግርጌው ረድፍ ይመጣሉ። በወሎ ቤት ይህ ወገን ብዙ ስለሆነ አስቀድመው ይቁጠሩና የቅጠሉን መጠን ይወስኑ።

ካርዶቹን ወዲያው አይለጥፉ። ሰሌዳውን ወለል ላይ አስተኝተው ሁሉንም ደርድረው፣ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ጠዋት በአዲስ ዓይን ይዩት፤ የተረሳ ሰው የሚታወሰው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ገጽ በሚለጥፍ ፕላስተር ይለጥፉ። ኮላ አልመክርም፤ ስሕተት ሲገኝ ካርዱ ሳይቀደድ አይነሣም፤ በካርዱ ጀርባ የተጻፈውም ማስታወሻ አይነበብም።

ሐረጉ የሚሠራው በሹራብ ክር ነው። ለእናት ወገን አረንጓዴ፣ ለአባት ወገን ቀይ ክር ተመርጦ፣ ከቅድመ አያቶች ጀምሮ በትንንሽ ሚስማር ላይ እየተጠመጠመ ወደ ልጁ ይወርዳል፤ በልጁ ካርድ ላይ ሁለቱ ክሮች ተገምደው ያልቃሉ። መግመዱን ለልጁ ይተዉለት።

ስለ ከበዱ ጉዳዮች

ፍቺ፣ ሁለተኛ ጋብቻ፣ በልጅነቱ ያረፈ ልጅ፣ አባቱ ያልታወቀ ወይም ከሌላ ቤት መጥቶ ያደገ ልጅ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ አለ። ልጆቹ በቡና ላይ ድንገት ሳይጠይቁ በፊት ወላጆች እነዚህን ጉዳዮች ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር ለብቻ ይነጋገሩባቸው፤ የሚጻፈውንና የማይጻፈውን የሚወስነው ባለጉዳዩ ነው። እኔ የማምነው የወለደም ያሳደገም በሰሌዳው ላይ ቦታ ሊኖረው ይገባል ብዬ ነው። ለወለደ ያልተቋረጠ ክር፣ ላሳደገ ደግሞ ነጠብጣብ መስመር ያድርጉ፤ እንጀራ እናትና እንጀራ አባት፣ የማደጎ ወላጅና የጡት አባት በነጠብጣቡ ይገባሉ። ልጁ ሁለቱንም ሲያይ ግራ ይጋባል የሚለው ስጋት በእኛ ቤት እውነት ሆኖ አላገኘሁትም፤ ግራ የሚያጋባው ትልልቆቹ ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ መስማት ነው።

አያቶች በልጅነታቸው ያረፉትን ልጆቻቸውን ሲቆጥሩ ይሰማሉ፤ «ስምንት ወልጄ አምስት አሳደግሁ» ይላሉ። ስማቸውን ከነገሩን እንጽፋቸዋለን፤ ካልነገሩን አንጎተጉታቸውም። ላረፉት ሁሉ ምልክት ከማድረግ ይልቅ በካርዱ ግርጌ ያረፉበትን ዓመት ብቻ መጻፍ ሙስሊምና ክርስቲያን ለተቀላቀለበት ቤተሰብ የተሻለ ነው።

ስምንተኛ፦ አሰቃቀልና አጠባበቅ

የልጆቹ ረድፍ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በዓይናቸው ትክክል እንዲውል አድርገው ይስቀሉት። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለችው ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉምና እርጥበት ስለሚበዛባት፣ ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳ ሰሌዳውን ያበላሸዋል፤ በክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ይምረጡ፤ ከሰሌዳው ጀርባም የ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት እንጨቶች መትተው አየር እንዲገባ ያድርጉ። በኮምቦልቻ የሚያስቸግረው ፀሐዩ ነው፤ ከመስኮት የሚገባ ብርሃን ፎቶውንና ማርከሩን በጥቂት ወራት ውስጥ ያደበዝዘዋል። ቤትዎ የጭቃ ከሆነ ሚስማሩን በምርጊቱ ላይ ሳይሆን በቋሚው እንጨት ላይ ይምቱ፤ ብሎኬት ከሆነ በፊሸር ያስሩት።

ከመስቀልዎ በፊት ሰሌዳውን በስልክ አንሥተው ለዘመድ ሁሉ ይላኩ። በሁለት ቀን ውስጥ እርማት ይመጣል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የእኛን ከላክን በኋላ የጂዳዋ እህቴ አንድ አክስት መረሳታቸውን፣ የኮምቦልቻው አጎቴ ደግሞ የሁለት ወንድሞች ታላቅና ታናሽነት መገለባበጡን ነገሩን፤ ሁለቱንም ልጆቹ አርመውታል።

በሰሌዳው ጀርባ አንድ ትልቅ ፖስታ ይለጥፉ። በውስጡ ያልተጻፈባቸው ካርዶች፣ የተቆረጡ ቅጠሎች፣ ከሁለቱም ክሮች የተረፈውና አንድ እርሳስ ይቀመጡበት፤ በቤተሰቡ ልጅ ሲወለድ ወይም በለቅሶ ቤት አዲስ ስም ሲሰማ ልጆቹ ራሳቸው አውጥተው ይጽፉበታል።